ስድስት ብርጭቆ የነሐሴ ውሃ

ከቁንዝላ ጀልባ ወርዳ፣ ከወደቡ በባጃጅ፣
ቢጫ ጀሪካን ታቅፋ ቆመች ከቤተ ሙከራው ደጅ።
ጃንጥላዋ ተሰብሯል። ነጠላዋን ጭቃ ነክቶታል።
እትዬ ሙሉዓዳም ናት። «ይኸ ውሃ» አለች «ምን ነክቶታል?
ሦስት ሌሊት አሳደርሁት፣ ክዳኑን እንኳ ሳልነካ፤
አፈሩ አልሰፍር አለኝ፤ ቤት የለውም ለካ?»

ግልገል አባይ ነው ያመጣው፤ ከሰከላ እስከ ጣና
ስንት እርሻ ጠርጎ ወረደ፣ ስንት ድንበር፣ ስንት ጎዳና።
ቀዳሁላት፣ በስድስት ብርጭቆ፤
ብርሃኑ ከመስኮት ደርሶ ይቀራል እዚያው ታንቆ።

«ክብደት አለው፤ ግን ደቃቅ ነው። በእያንዳንዱ ቅንጣት ገላ
አንድ ዓይነት ሙል ተለጥፏል፤ ሁሉም አሉታ፣ የለም ሌላ።
ጠጋ ሲሉ ይገፋፋሉ። አይነካኩም። አይከብዱም።
ስበት ከታች እየጠራ፣ ሳይገናኙ አይወርዱም።»

ዝም አለች።
ሐይቁ ላይ ሞተር ጀልባ እየሳለ ወጣ፣ ራቀ።
«እንደ ይርሳውና ምንይችል» አለች፤ «አባታቸው አርፎ፣ ድንበሩ ካልታወቀ—»
ልጆቿ ናቸው። አልጨረሰችም።
«ካንድ ሆድ፣ አንድ ዓይነት ግትር፤
መመሳሰልም ያራርቃል?» ድምጿ ዝቅ አለ፣ እንደ ምስጢር።

አሉሙን አሟሟሁ፤ ውሃ ሲነካው አዎንታ ነው ሙሉ።
በሃያ ሚሊግራም፣ በሃያ እየጨመርሁ፣ ለስድስቱም ለሁሉ።
መቅዘፊያው አንድ ደቂቃ በኃይል ዞረ፣ ውሃውን አመሰ፤
«ሳይደፈርስ አይጠራም» አለች፤ «ይኸው ተረቱ ደረሰ።»
ከዚያ ዝግ አደረግሁት፣ ቀስ፣ እንደ እሹሩሩ፤
ሲጣደፉበት የተያያዘው ይበተናል ከሥሩ።

በአራተኛው ብርጭቆ፣
እንደሚረጋ ወተት፣
ብናኝ ብናኙን አገኘ፣ ጥጥ ጥጥ አከለ፤
ከበደ፤ ወረደ። በውሃው ማዶ የመስኮቱ ብረት ቁልጭ አለ።
እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ስድስተኛው ግን ደፍርሷል። ጣቷን ቀሰረች እሱ ላይ።
«አሉሙ በዛበት» አልኋት፤ «ሙላቸው ተገለበጠ፣ ታች ወደ ላይ፤
አሁን ሁሉም አዎንታ ናቸው፣ እንደገና ይገፋፋሉ።»
ሳቀች፤ እንባም ነበረበት። «አሥራ ሁለት ሽማግሌ ላክሁ። አሥራ ሁለት ሙሉ!
ከልጆቹ በፊት እነሱ
ምርቃቱን ሳያደርሱ ተጣልተው ተነሡ።»

የጀልባው ሰዓት ደርሶ ነበር። ባዶ ጀሪካኗን ይዛ ወጣች።

መዝገቤ ላይ፦ «ናሙና፣ ቁንዝላ። ሰማንያ ሚሊግራም በሊትር።»
ከሥሩ፣ እንጃ ለምን፣ «ሽማግሌ፦ አራት» የሚል አንድ መስመር።

ስድስተኛውን አልደፋሁትም።
ጠዋት ስመጣ እንደ ደፈረሰ አድሯል።