የወረቀት ውፍረት

ቅዳሜ ነው። ሀል ከተማ። ዝናቡ ከባሕር በአግድም ይመጣል፣
የገበያው ቆርቆሮ ጣሪያ ያለ ማቋረጥ ያወራል።
ከዓሣ ሻጯ ቀጥሎ፣ ከአሮጌ መጻሕፍት ማዶ፣
ሚስተር ታክሬይ ተቀምጧል፣ በብረት ክምር ተጋርዶ፤
መጋዝ፣ መሮ፣ መዶሻ፣ ጥርሱ ያለቀ ሞረድ፣
ከሟች ጋራዥ የተጠረገ፣ ያልፈለገው ዘመድ።

«መላጊያ ፈልጌ ነበር፣» አልኩት፣ «ለትንሽ ሥራ።»
«ትንሽ ስንት ነው?» አለኝ፣ ቀና ሳይል ከሚወለውለው ካራ።

ዓይኔ ግን ትልቁ ላይ ነበር፤ ረጅሙ፣ ጥቁሩ፣ የሚያበራው፣
የናሱ ብሎን እንደ ሜዳልያ ከአንገቱ ሥር የሚያኮራው።
አነሣሁት፤ ክንዴ ወረደ፤ እንደ ተኛ ሕፃን ከበደ።
«እሱ የበር ነው፣» አለ፣ «ረጅም ሳንቃ የለመደ፤
ስንቱ ገዝቶ መለሰው፣ ሥራው ከጠረጴዛ እየወረደ።»

እኔ ያለኝ አንድ ሳጥን ነው፤ የቼሪ እንጨት፣ ስንዝር ከጋት፣
ለወንድሜ ለኔቪል ዶሚኖ የሠራሁት።
ክዳኑ ተንሸራቶ ይገባል፤ በነሐሴ ልክ ነበር፤
በኅዳር እርጥበት ጠጣና እምቢ አለ፣ ተገተረ ከአፉ ዳር።
ኔቪል ሠላሳ ዓመት መረብ ጎትቷል፣ በሰሜን ባሕር፤
አሁን ጣቶቹ ይንቀጠቀጣሉ። ክዳን ሲታገል የሚያየው ሰው ካለ
«በኋላ እጫወታለሁ» ይላል፣
ሳጥኑን ወደ ግድግዳ ያዞረዋል።

የሚያስቸግረው የወረቀት ውፍረት ያህል ነው፤ ለክቼዋለሁ፤
በብርጭቆ ወረቀት ብፈትገው፣ ጠርዙን አድበልብዬዋለሁ።
ማሽንማ አይታሰብም፤ ከሥሬ ያለችው ጎረቤት አራስ ናት፣
እኔም ከፈረቃ የምገባው ሌሊት።

ሦስት ትንንሾች ዘረጋ፣ በትናንት ጋዜጣ ላይ።
አንደኛው አዲስ፣ ሰማያዊ፣ ካርቶኑ እንኳ ያልተቀደደ፤
«ያምራል፤ ቅቤ ግን አይቆርጥም፣» ብሎ ወዲያ ሰደደ።
ሁለተኛው ከንፈሩ ላይ ስንጥቅ አለው፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ፤
«አዲስ ቀለም ያየሽ እንደሆን፣ ጠይቂ፦ ከሥሩ ምን ሆነ?»
ሦስተኛው ዝገት ብቻ ነበር። ከመዳፌ አይበልጥም።
ሌባ እንኳ አይሰርቀውም።

ሆዱን ወደ መስኮት አዞረ፣ የብረት ማስመሪያ ገተረበት፤
«ብርሃን ይታይሻል?» አለኝ። ጎንበስ አልኩ፤ አንድ ጨረር የለበት።
«አፉንም እዪው። አፈ ሰፊ፣ ሰውም ይሁን መላጊያ፣ ይቦጭቃል፤
አፈ ጠባብ ቀስ ብሎ ከላይ ከላዩ ይልጣል።»
«ስለቱስ?»
«ደነዝ ነው። ስለት አልሸጥልሽም፤
ድንጋይ ላይ ሁለት ምሽት ነው። ራስሽ ካልሳልሽው አይሆንሽም።
አሁን ዓይንሽን ጨፍኚና ያዢው።»

አውራ ጣቴ አንድ ጎድጓዳ አገኘ፣ ሌላ አውራ ጣት ያለሰለሰው፤
ስንት ዓመት እንደሆነ እንጃ፤ እጁ ከእጄ የሰፋ ሰው።

አሥራ ሁለት ፓውንድ። አልተከራከርኩም።

ሁለት ምሽት አልበቃኝም፤ አራት ፈጀ፣ የጣቴም ቆዳ ተላጠ።
መጀመሪያ በጅማቱ ተቃራኒ ገፋሁት፤ ቦጨቀ፤ ልቤ ደነገጠ፤
ተሳደብኩ። ክዳኑን አዞርኩት።
ከዚያ፣ ፖስታ ሲከፈት የሚሰማ ዓይነት ድምፅ፣ አንዴ ብቻ፤
ፍቅፋቂው ተጠቅልሎ ወጣ፤ ዘርግቼ ወደ አምፖሉ አነሣሁት፣
የግድግዳ ሰዓቱን በውስጡ አየሁት።
ከታች ሕፃኑ አልነቃም።

እሁድ ኔቪል ክዳኑን በአንድ ጣት ገፋ።
ምንም አላለም። ጠጠሮቹን ጠረጴዛው ላይ ደፋ፣
«ተቀመጪ፣» አለኝ፣ «ድብል ስድስት ያለው ይጀምራል።»
ሁለቴ አሸነፈኝ። ሦስተኛውን አጭበርብሯል።

መላጊያውን ላሳየው በኮቴ ኪስ ይዤው ነበር፤ ረሳሁት፤
አውቶቡስ ውስጥ፣ ሳንቲም ስፈልግ፣ ጎድጓዳውን በአውራ ጣቴ ነካሁት።