ናዳ ጠባቂ

ሥራዬ ማየት ነው፤ ዐይኔ ነው እንጀራዬ፣
አንገቴ ላይ አቅራቢ መነጽር፣ በእጄ ሬዲዮዬ።
ታች አፕጋር መንደር ሐይቁ ሲነጋለት፣
ቀይና አረንጓዴ ጠጠሩ ሲበራ ከውኃው በታች ካለበት፣
እኛ ጋ ገና ነው፤ እኛ ጋ ነው ሌሊት።

በሚያዝያ እንወጣለን፣ በዶዘር፣ በአካፋ፣
በረዶ የቀበረው፣ ከካርታ እንጂ ከምድር የጠፋ
መንገድ ልንፈልግ።
ስሙ ‘ወደ ፀሐይ የሚሄደው መንገድ’ ነው።
ስምን መልአክ ያወጣዋል ቢባልም፣
ይህን ያወጣው መልአክ በሚያዝያ አልመጣም።

ቨርና እስካቫተር ላይ ሃያ ስምንት ዓመቷ፣
አስፋልቱን ታውቃለች እንደ ገዛ ቤቷ።
የባልዲው ጥርስ ድንጋይ ሲነካ፣ በድምፁ
ትለያለች፦ ‘ይኼ ግንቡ ነው፣ ያኛው የገደል ጥርሱ።’
ከግንቡ ወዲያ ያለው አየር ብቻ ነው፤
ጥዶቹ ከታች እንደ ሣር ናቸው።

አልቃሹ ግድግዳ የሚሉት ቋጥኝ አለ።
በሐምሌ ውኃው በመኪና መስኮት ይገባል፣
ልጆች እጃቸውን አውጥተው ይስቁበታል።
በሚያዝያ ግን ዕንባው ደርቆ፣ ሰይፍ ሆኖ ተሰቅሏል።
ረፋድ ላይ አንዲት ጠብታ ስትወርድ ካየሁ፣
‘ማልቀስ ጀመረ! ውጡ!’ እላለሁ።
የሰው ዕንባ ሲወርድ ልብ ቀለለ ይባላል፤
የዚህ ሲወርድ ግን ግድግዳው ይከተላል።

ከማዶ ‘የወፍ ሴት’ የምትባል ፏፏቴ አለች።
ሰው ሁሉ ለእሷ ሲል አንገቱን ያጣምማል፤ እኔ በጀርባዬ
ነው የማውቃት፤ ዐይኔ ወዲህ ነው፣ ከበላዬ
ከተከመረው ላይ፣ ጠርዙን ከሚያስጨንቀው ስንጥቅ፣
ትናንት የጣት ያህል፣ ዛሬ የክንድ ጥልቅ።
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በድምፅ ብቻ አወቅኋት፤
ነፋስ ሲመቸኝ፣ አልፎ አልፎ፣ እንደ ጎረቤት ሳል ሰማኋት።

በግንቦት ማብቂያ፣ ታላቁ ክምር ላይ ስንደርስ፣
ቨርና ሞተር አጠፋች። ጉልበቷን እያሸች
ፖም ገመጠች።
‘ኮርቢን፣ ዘወር በል’ አለችኝ፤
‘ይህን ፖም እስክጨርስ እኔ እጠብቅልሃለሁ።’
‘ደንብ አለ’ አልኳት።
‘እኔ በሚቀጥለው ዓመት የለሁም’ አለችኝ።

ዘወር አልኩ።

ምን አየሁ? እውነት ለመናገር፣ ልክ እንደ ፖስትካርዱ።
ትንሽ ተለቅ ይላል። ፖስትካርዱ ላይ ግን አይበርዱም፣ አይርዱም፤
ደመናው ተራራውን ትቶ ሲሄድ ድምፅ የለውም፤
ጠርዝ ላይ የቆመ የተራራ ፍየል ሰውን በትዝብት አያይም።
ቆንጆ ነው። በጣም ቆንጆ ነው። ዐይኔ ግን
ሥራውን አልተወም፤
ውበቱንም ሲያይ ስንጥቅ ፈለገበት።
አገኘም።

ከሸንተረሩ ሥር ግግሩ አለ።
ድሮ ሰሌዳ ነበረ፣ ‘በሃያ ሃያ ይጠፋል’ የሚል።
ዓመቱ መጣ፣ ዓመቱ ሄደ፤
ሰሌዳው ተነቀለ፣ ግግሩ ቀረ፤
ግን እንደ ታመመ ሰው ቀበቶ
በየዓመቱ አንድ ቀዳዳ ያጠብቃል።
ለዚህ ናዳ ማን ዘበኛ ቆሟል?
ሬዲዮዬን አነሳሁ፤ ጣቴ ቁልፉ ላይ ቀረ።
‘ውጡ’ ብል፣ ማን ይወጣል? ወዴትስ?

‘ፖሙ አለቀ’ አለች ቨርና። ፍሬውን ገደሉ ውስጥ ወረወረች።
ሲያርፍ አልሰማንም።

በሰኔ የሎጋንን በር ከፈትን፤
መቀርቀሪያው ቁመቱ ሃያ ሜትር፣ ቁልፉ የሁለት ወር ላባችን።
ከመጀመሪያው መኪና አንድ ሰውዬ መስኮት ዝቅ አድርጎ፣
በግራም በቀኝም በቆመው ነጭ ግንብ መሐል አንገቱን አስግጎ
‘መጸዳጃ ቤቱ የት ነው?’ አለኝ።

ዐይኔን ከቁልቁለቱ ሳልነቅል
በእጄ አሳየሁት።