ጌርሳም

ሳቢያን ሰፈር፣ መብራት ጠፍቶ በዚያ ሌሊት፣
አባትህ በስልኩ ብርሃን ሲያገላብጥ ኦሪት፣
ጣቱ ቆመ። «ጌርሳም» አለኝ፣ በለሆሳስ፣ እንዳትነቃ።
«ምን ማለት ነው?»
«በሰው አገር መጻተኛ።»

ዝም አልኩት። ላቤ ግንባርህ ላይ ይንጠባጠባል፤
አሥራ አንድ ዓመት ሲሚንቶ ጭኖ፣
የደብረ ታቦሩ ሰው ዛሬም ሙቀቱን ይሳደባል።

ሲነጋ ሂንዲያ ከቀፊራ ዘይቱን ይዛ ከች አለች፤
ስምህን ምላሷ ላይ አንከባለለች፤
«አቦ፣ የስንት ዓመት ሽማግሌ ነው! ጌሪ ይበለው በቃ»
ብላ፣ ሳትጠይቀኝ፣ ገላህን ታጥብ ጀመር በጣሳ ውኃ።

ቀበሌ ልናስጽፍህ ሄድን። ጸሐፊው ቀና ሳይል
«የትውልድ ቦታ?» ሲል፣
«ድሬዳዋ!» አለ አባትህ፣
ጮክ ብሎ፣
የራሱን የጠየቁት ይመስል።