ተስማምቶሻል

ቱሉ ዲምቱ፣ ብሎክ መቶ ሰባት፣ አራተኛ ፎቅ፤
ሊፍት የለው፣ ደረጃው ብቻ፣ ሲወጡት የማያልቅ።
ጭኔ ዛሬም ሦስተኛው ላይ «በቃኝ» ብሎ ቆመ፣
ልቤ እንደ አሮጌ ሲንጀር ጆሮዬ ውስጥ አጉረመረመ።
ትርንጎ፣ የሦስተኛ ፎቋ፣ ጀሪካኗን አስቀምጣ
ጉንጬን በመዳፏ ያዘች፣ ሳቋ ቀድሟት መጣ፤
«የውብዳር! ወፈርሽ እኮ! ተስማምቶሻል በእውነት!
ምን አገኘሽ? ንገሪኝ፣ እኔም ልግባበት!»

ምን ልበላት? ጨረቃ ፊት ይሉታል ሐኪሞቹ፤
የቅቤ ሥራ አይደለም፣ የክኒኖቹ ነው፣ የነጮቹ።
«አዎ፣ ተስማምቶኛል» አልኩ። ሳቅኩላት። ቀለለኝ።
እውነቱን ለመንገር ትንፋሽ ያስፈልጋል፤ የለኝ።

ካቻምና ነው፤ ጣቶቼ አንድ ጠዋት እምቢ አሉ፣
እንደ ደረቀ ቆዳ ተኮማትረው ዋሉ፤
ክር በመርፌ ማስገባት አቃተኝ፤ እኔ፣ ዓይኔን ጨፍኜ
መብራት በጠፋ ሌሊት የሙሽራ ቬሎ የሰፋሁ ሆኜ።
ከዚያ ፕሬድኒሶሎን መጣ። በሦስተኛው ቀን ቡጢ ጨበጥኩ፣
መቀሴን ብድግ አድርጌ፣ ሰው ሳያየኝ አለቀስኩ።
ያን ቀን ማን ነገረኝ፣ የሰጠ እጅ እንደሚሰፍር፣
ለጣቴ የመለሰውን ከደሜ ላይ እንደሚቆጥር?

ስኳሬ ድሮም ነበረ፤ ጨዋ ነበር፣ ጸጥተኛ፣
በአንድ ሜትፎርሚን የሚተኛ።
አሁን ጠዋት መቶ ሃያ ነው፣ ደህና ሰው ይመስላል፤
ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጣቴን ስወጋው ሦስት መቶ ሠላሳ ይላል።
«ክኒኑ ነው» አለችኝ ሲስተር ቢፍቱ፣ ጤና ጣቢያው ላይ፣
«ጠዋት ይዋጣል፣ ማታ ያስከፍላል። የጠዋቱን አይተሽ አትታለይ።»
ስለዚህ ሁለት መርፌ አለኝ፤ አንዱ ለጨርቅ፣ አንዱ ለሆድ፤
አንዱ እንጀራ ያስገባል፣ አንዱ የገባውን ለማብረድ።
ፍሪጅ የለንም፤ ኢንሱሊኑ ማሰሮ ውስጥ ነው፣
አሸዋ አርሰን፣ በፌስታል ጠቅልለን፣ ከአልጋው ሥር ያስቀመጥነው።
ልጄ ኤልዳና በየማታው ታጠጣዋለች እንደ አበባ፤
«ይበቅል ይሆን እማ?» ትላለች፣ ወደ ጥላው ስታስገባ።

ረሃቡ ግን! ሌሊት ስምንት ሰዓት ያነቃኛል፤
ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ፣ ከገደሉ፣ እውነተኛው ጅብ ይጮሃል።
እሱ ውጭ፣ እኔ ውስጥ፣ ሁለት ሆዳም በአንድ ሰፈር።
ዳቦው ቁምሳጥን ውስጥ ነው፤ ቁልፉን ለልጄ ሰጥቻለሁ፣ እንዳልደፍር።
ቀዝቃዛ የተቀቀለ ቆስጣ በእጄ እበላለሁ፤
አንዳንዴ ደግሞ ቁልፉን ከትራሷ ሥር እሰርቃለሁ።
(ይህን ለሲስተር ቢፍቱ አልነገርኩም።)

የራሴን ቀሚስ ጎን ፈታሁ፣ ሁለት ጣት አሰፋሁ፤
በጥር ሌላ ሁለት። ትርፉ አለቀ፣ ከመጋረጃ ቁራጭ ገጣጥሜ ሰፋሁ።
ለስንት ሰው ለክቻለሁ፣ ወገብ፣ ደረት፣ ትከሻ፣
የራሴን ሰውነት ግን አጣሁለት መጨረሻ።

አንድ ቀን ልጣለው አልኩ። ሁሉንም። ሽንት ቤት ውስጥ።
«ተይ» አለኝ ጉርሜሳ፣ ባለ ፋርማሲው፣ መነጽሩን አውርዶ በቀስታ፣
«ጡት እንደማስጣል ነው ይሄ፣ አይቆረጥም በአንድ ማታ።
ሰውነትሽ የራሱን መሥራት ረስቷል፤ ቀስ ብሎ ይማራል፣
ካልሆነ አንድ ቀን ከደረጃው ላይ ዘጭ ማለት ይመጣል።»

ዛሬ እሁድ ነው። ክኒኗን በምላጭ ለሁለት ከፈልኳት፤
ጠረጴዛው ላይ የቀረችውን ዱቄት በጣቴ ጫፍ ላስኳት።
ሁለት ነበር፣ አንድ ተኩል ሆነ። ወር ጠብቄ ደግሞ አንድ።
ታች ሲኖትራክ ጠጠር ይገለብጣል፤ ሊሠራ ነው ይላሉ መንገድ።

ማታ ትርንጎ መጣች፣ የልጇን ዩኒፎርም ይዛ፤
ሻዩን ያለ ስኳር ስጠጣ አየችኝ፣ ዝም አለች ፈዛ።
ያኔ ነገርኳት። ሁሉንም አይደለም። ጉንጬን፣ ማሰሮውን፣ ቁጥሩን።
መልስ አልሰጠችም፤ ጎንበስ ብላ ለቀመች፣ ወለሉ ላይ፣ ብጥስጣሽ ክሩን።
ከዚያ «ነገ ውሃውን እኔ አወጣልሻለሁ» ብላ ወረደች።

እኔ ዩኒፎርሙን ይዤ ቀረሁ። ክሩን በምራቄ አሾልኩ፤ ገባ፣ በአንዴ።
እስከ መቼ ይታዘዙኛል እነዚህ ጣቶች? እንጃ። ወይ ጉዴ።
ነገ ስነቃ መጀመሪያ ቡጢ ጨብጬ እሞክራለሁ፤
ቁጥሩን ከዚያ በኋላ አያለሁ።