ለግራ እጅ

ወይዘሮ ጸዳለ፣ ፖስታ ቤት፣ መስኮት ሦስት፣ መነጽሯን ዝቅ አርጋ፣
ጥቅሌን ከጆንያው ሥር በስንት መከራ ፈልጋ፣
«ምንድነው?» አለችኝ። «ብዕር» ስላት ሳቀች።
«አዳማ እስክሪብቶ ጠፋ?» ብላ ጠየቀች።
ፈረምኩላት ዝም ብዬ፣
ከመስኮቱ ብረት ላይ በሲባጎ በታሰረ፣
ግማሽ ስሜን ጽፎ ግማሹን ባስቀረ
በራሷ እስክሪብቶ።

ያዘዘልኝ ኪሩቤል ነው። ካርዱ የእህቱ፣ ሻርጃ የምትሠራ፤
እሷ በዶላር ከፈለች፣ እኔ በብር ለእናቷ፣ ከነምስጋናው ጋራ።
ሦስት ብዕር ከቻይና፣ ባንድ ላይ ከኪሎ ሥጋ የማይደርስ ዋጋ።
«መላኪያው ነጻ ነው» ይላል ሻጩ። ነጻ ነገር መቼም ይዘገያል፤
ሃምሳ ሦስት ቀን ሙሉ ስልኬ «መንገድ ላይ ነው» ይላል።
በየትኛው መንገድ? በጅቡቲ? በሰማይ?
ማታ ማታ፣ የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር፣ በር ከፍቼ ሳይ።

ሰዓት ጠጋኝ ነኝ፣ ፍራንኮ፣ ከፋርማሲው ደረጃ ሥር፤
ሰዓቱን ስልክ ዋጠው፣ እኔ ቀረሁ ከሞረድ ከወረንጦ ጋር።
ልጄ ሲፈን ግራኝ ናት። ስትጽፍ እጇ ከኋላ ይከተላል፣
የጻፈችውን ሁሉ እየጠረገ ያልፋል፤
ማታ መዳፏ ሰማያዊ ነው፣ የሳይንስ ደብተሯ ጭጋግ።
መምህሯ «በቀኝሽ!» ብሎ ጽፏል፣ በቀይ፣ በደብተሩ ኅዳግ።
አክስቷም «በሕፃንነቷ ግራዋ ቢታሰር ኖሮ» ትላለች፤
ሲፈን ትሰማለች፣ እጇን ኪሷ ውስጥ ትከታለች።

ቢክ አይመከርም፤ ኳስ ነው፣ ጆሮ የለው፤
የብዕር ጫፍ ግን ብረት ነው፣
ብረትን የማናግርበት ልሳን አለኝ፣ ሞረድ ነው።

ካርቶኑን ቀደድኩ። አንዱ ጠርሙስ መሳይ፣ ሆድ ዕቃው የሚታይ፤
አንዱ ቡናማ፣ እንጨት ነኝ ባይ፤
ሦስተኛው ሻርክ ነው! ክዳኑ ጥርስ አለው፣ ክንፍም አለው፤
ከሶደሬ ወዲያ ውኃ ላላየች ልጅ፣ ባሕር በፖስታ ማለት ይኼው ነው።
ጫፋቸው ግን መርፌ፣ ለሌላ አገር ፊደል የተሳለ።
በዚህ «ሐ» ብትጻፍ ሦስት እግሯ ክር ነው፤
ቆማም አታድር፣ የአዳማ ነፋስ እያለ።

የመጀመሪያውን በቀለም ገደልኩት፤ የማኅተም ቀለም በውኃ አቅጥኜ
ባጠጣው ጉሮሮው ታነቀ። ቅዳሜን ሲያጣጥር ዋለ፣ እኔም አስታማሚ ሆኜ።
ሁለተኛውን ሞረድ በላው፤ ከንፈሮቹ ተዛነፉ፣
አንዱ ወንጂ፣ አንዱ ሞጆ እንደሚሄድ ሰው ተላለፉ።
ሦስተኛው ላይ ፈራሁ።

መብራት ሄዶ ነበር። ስልኬን ከጣሳ አስደግፌ አበራሁ፤
መስታወት ላይ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት፣ ከላዩ ጠብታ ውኃ።
ከዚያ በግራ እጄ ያዝኩት፤
ዕድሜዬን ሙሉ ሥራ ፈት እጅ ነው፣ ማንኪያ እንኳ አይዘውር፤
እንደ እሷ አጋድሜ፣ እንደ እሷ እየገፋሁ፣
ስምንት ቁጥር፣ ደግሞ ስምንት ቁጥር፣
አጉሊ መነጽሬን ዓይኔ ላይ ሰክቼ፣
በጥፍር ልክ ማዘንበል፣ በፀጉር ልክ መንሳት፤
የጎረቤት ዶሮ ጮኾ ነበር፣ ቀና ያልኩት ምናልባት።

የፋብሪካውን ስም ከገላው ላይ ፋቅሁት። የእሷን አልቀረጽኩበትም፤
ስሟን የምትጽፍበትን ዕቃ፣ እኔ ቀድሜ ስሟን አልጽፍበትም።

ጠዋት፣ ከካርቶኑ ጀርባ ላይ፣ ምላሷን በጥርሷ ይዛ ጻፈች።
ስሟን መስሎኝ ነበር።
«ይህ ሻርክ አይናከስም።»
ከዚያ መዳፏን ገልብጣ አየች፤ አላመነችም፣ በምራቋ ፈተገች።
ንጹሕ ነበር። ምንም።

ሰኞ መምህሩ ምን እንደሚል አላውቅም።
ማታ፣ እሷ ስትተኛ፣ በቀኝ እጄ ስሜን ልጽፍ ሞከርኩ፤
ሻርኩ ወረቀቱን ነከሰው።
ክዳኑን መልሼ ከደንኩ።