ተራ ቁጥር ዘጠኝ

ማክሰኞ ማለዳ፣ መብራት ሳይሄድብኝ፣
ቢቸና፣ መሬት ቢሮ፣ ሰልፉም ሳይበዛብኝ፣
አዲሱን ፕሮግራም ልጭን ተቀመጥሁኝ።

ከክልል የመጣው መመሪያ፣ ጥራዙ
አሥራ አንድ ገጽ ነበር፣ ሦስቱ የደበዘዙ።

«አንድ፦ ፍላሹን ሰካ።» ሰካሁ።
«ሁለት፦ በስምህ ግባ።» ገባሁ።
«ሦስት፦ ቋንቋ ምረጥ።» አማርኛን ነካሁ።
«አራት፦ ነባሩ ይጥፋ፤ አዎን በል።» አዎን አልሁ።
እንደ ምልምል ወታደር ግራ ቀኝ ረገጥሁ።
አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት... ሻዬን እየጠጣሁ፣
ስምንትን አልፌ ገጽ ሰባት ገለጥሁ።

«ዘጠኝ፦ ማሳሰቢያ። አራትን ሳትነካ
ነባሩን መዝገብ ቅዳ፣ ሌላ ፍላሽ ሰካ።»

ሳትነካ።
ጣቴን አየሁት። ነክቷል።
የሦስት ቀበሌ ድንበር እንደ ጉም ተኗል፦
በምሥራቅ ሽታዬ፣ በምዕራብ ገደሉ፣
በሰሜን የጥጋቡ ወራሾች በሙሉ፣
በደቡብ አንድ ዋርካ፤ አንድም አልቀረ ከሁሉ።

በመስኮቱ በኩል አለቃ ልየው፣ ጥላቸውን አጥፈው፣
ካርታቸውን ሊወስዱ ቆመዋል ዘንጋቸውን ተደግፈው።

አልደበቅኋቸውም። «መመሪያው ነው» አልሁ፣
«ቅደም ተከተሉን አዛብቶት ነው» አልሁ።

ሳቁ። «ጅብ ከሄደ ውሻው ጮኸ በለኛ!
ስማ፣ ዲማ ቅኔ ቤት ስንማር እኛ፣
ገና ከመነሻው መምህሩ ሲዘርፉ፣
ምሥጢሩ የሚያርፈው ከቤቱ ጫፍ ነው፣ ከጫፉ።
ሳይጨርሱ የፈታ ተማሪ ይቀጣል፤
መልእክት ሳያልቅ እግር ከደጅ መቼ ይወጣል?»

እውነት ነው። ግን ደግሞ ይቆጨኛል አንድ ነገር፦
ቅኔ የሚሰማ በጆሮው ነው፤ እኔ በጣቴ ነበር።

ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ ከአሮጌው ወረቀት
ሽታዬን፣ ገደሉን፣ ዋርካውን ስንከት፣
ስለዚያ ጸሐፊ አስብ ነበር ሌት ሌት።
ክፉ ሰው አይመስለኝም። እሱም እንደኔው
አራትን ነክቶ አልፎ፣ ዘጠኝ ላይ የነቃው፣
በደነገጠበት ቦታ ጻፈልን፣ እዚያው።
ለሚመጣው ሰው መንገድ አልጠረገም፤
የራሱን ኮቴ ነው የተወው።

ዛሬ ዘጠኝን በምላጭ ቆርጬ አወጣሁ፣
ከአንድ በላይ፣ ከርዕሱ ሥር፣ በሙጫ ለጠፍሁ።
ቁጥሩን ግን አልለወጥሁ።

ገጽ ሰባት ላይ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ቀረ፤
በቀዳዳው የሚታየው፣ ከሥሩ ካለው ገጽ፣
«እንኳን ደስ አለዎት» ይላል፣ «ጭነቱ ሰመረ»።