የአንሙት ፍሬን

ሦስት ቀብራ ነበር ስም ስታወጣለት፤
አራተኛውን ልጅ አለችው «አንሙት»።
ስም አይደለም እሱ፣ የደጅ ጥናት ነው፤
ሞትን በር ላይ ይዞ የሚለማመጠው።

እሱ ግን፣ ይኸው ልጅ፣
ቅዳሜ ሲነጋ፣ ጭጋጉ ሳይገፈፍ፣
ብስክሌቱን ገፍቶ ይቆማል ከደጃፍ።
(ደጀን፣ ከማደያው ጀርባ ነው ሥራዬ፤
ማስቲሽ ማስቲሽ ሲሸት አለፈ ዕድሜዬ።)
«ጋሼ፣ እስቲ እየው፣ የኋላው ፍሬን ላልቷል።»
ሽቦውን ስወጥር እጄ ይርበተበታል።

ከዚያ ወደ ዓባይ።
ሲኖትራክ በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ በሚወርድበት፣
አስፋልቱ ተሰንጥቆ አፉን በከፈተበት፣
ጭላዳ ልጇን አዝላ ከጠርዙ በምታይበት፣
ደጋው ከኋላ ቀርቶ፣ የኩራር ወበቅ ፊቱን በሚልስበት፣
ቁልቁል።
ድልድዩ ጋ ቆሞ ብቻውን ይስቃል፤
ከፍየል ጋር ተጭኖ ማታ ይመለሳል።

«ኑሮ የጠላ ልጅ፣ ሞትን የተመኘ»
ይላል የሰፈር ሰው፣ ወሬ እንዳገኘ።
እኔ ግን የማውቀው በወሬ አይደለም፣
በመፍቻ ነው፦
ሞት የፈለገማ ፍሬን አያስጠብቅም፤
ቅዳሜ በጠዋት ከደጄ አይቆምም።

አንድ ቀን እናቱ፣ ጥሩአየሁ፣ መጥታ፣
ከነጠላዋ ጫፍ መቶ ብር ፈትታ፣
«ስበረው፣ በሞቴ!» አለችኝ በእርጋታ።
«ጠጋኝ ነኝ እኮ እኔ፣ መስበር አላውቅበት»
አልኳት። ብሩን ቋጥራ ሄደች በመጣችበት።

በዚያው ሰሞን ታዲያ ጠየቅሁት፣ «ለምን?»
ካቴና እየጠረገ መለሰልኝ ይህን፦
«እቤት የምኖረው በስሜ ነው፣ ጋሼ፤
ሦስት ወንድሞቼን በቁመቴ ለብሼ።
እዚያ ኩርባው ላይ ግን፣ ጣቴ ከፍሬን ላይ፣
ያለመሞት ሥራው የኔው አይደለም ወይ?»

ምን ይመለሳል።
ጎማውን ነፍቼ፣ አየሩን በአውራ ጣት ለክቼ ሰጠሁት።

በሳምንቱ ማታ፣ ሱቄን ቆልፌ፣
የደንበኛ ብስክሌት ይዤ ወጣሁ፤
እስከ መጀመሪያው ኩርባ ብቻ፣ አልዋሽም።
ስልሳ አንድ ዓመቴ ነው፤ ጉልበቴም ያመኛል።
ዕድሜ ልኬን ስኖር ፍሬን ሳጠባብቅ፣
አንድ እስትንፋስ ያህል
አደረግሁት ለቀቅ።

ነፋስ በጆሮዬ ስሜን ጠራው ጮሆ፤
«አቤት» አልኩ፣ ብቻዬን፣ በጨለማ።

ለጥሩአየሁ አልነገርኳትም።